ጥንካሬ ብቻውን አያጣብቅም

በአዲስ አበባ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች አዘውትረው ከሚሰሙ ጥያቄዎች አንዱ «ጠንከር ያለ ማጣበቂያ አለ?» የሚለው ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቤት የተረከበ ወይም የመታጠቢያ ክፍሉን በማደስ ላይ ያለ ሰው ነው። ሻጩም ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ አንስቶ «ይኼ ብረት ነው፤ አይላቀቅም» ብሎ ያቀብለዋል። ገዥና ሻጭ በዚሁ ተግባብተው ይለያያሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሻወር ትሪው ጠርዝና በግድግዳው መካከል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ ትላለች፤ ውሎ አድሮም የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ጣሪያቸው ላይ የወጣውን ቡናማ እድፍ ለማሳየት በር ያንኳኳሉ።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። የሻወር ትሪ ለመትከል የሚያስፈልገው ማጣበቂያ በጥንካሬው ሊመረጥ አይገባም። መመረጥ ያለበት ከሚነካቸው ገጾች፣ ከሚሸከመው እንቅስቃሴና ከሚጠነክርበት መንገድ አንጻር ነው። «ጠንካራው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ መልሱ ትክክል በሆነ ጊዜ እንኳ፣ ወደ ተሳሳተ ግዢ ይመራል።

ጉዳዩ ለሳይንስ መጽሔት የማይመጥን ተራ የቤት ውስጥ ሥራ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ ማብቂያ (ዓ.ም.) የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በስፋት ከተጀመረ ወዲህ፣ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ በሆነበት ኑሮ ውስጥ የሚኖረው የከተማችን ሕዝብ እጅግ በርክቷል። በዚህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ከአንድ ትሪ ጠርዝ የሚሰርግ ውሃ የባለቤቱ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቀለምና ልስን ያበላሻል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝጋል፤ ለዓመታት የቆየ ጉርብትናንም ያሻክራል። ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ የተተከለን ትሪ አስነቅሎ እንደገና ማስተከል ከወር ገቢው ላይ የሚቀነስ ከባድ ወጪ ነው።

ሁለት ነገሮች ለምን ይጣበቃሉ?

በመጀመሪያ መጣበቅ ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ማናቸውም ሁለት ቁሶች እጅግ ከተቀራረቡ በሞለኪውሎቻቸው መካከል የመሳሳብ ጉልበት ይፈጠራል፤ ይህም በኔዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ስም የቫን ደር ቫልስ ጉልበት ይባላል። የአንዱ ሞለኪውል ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሆኖም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ያሉት ሁሉ ሲተባበሩ ውጤቱ ያስደንቃል። በግድግዳና በመስታወት ላይ ያለ ምንም ሙጫ የሚራመደው ጌኮ የተባለው እንሽላሊት እግሩ የሚይዘው በዚሁ ጉልበት መሆኑን ኬላር ኦተም እና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጉልበት ርቀትን አይወድም። በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች መካከል ያለው መሳሳብ በርቀቱ ኪዩብ መጠን ይቀንሳል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በግምት ብናሰላው፣ ርቀቱ 0.3 ናኖሜትር ሲሆን መሳሳቡ ወደ 2,000 የሚጠጋ የከባቢ አየር ግፊት ያህላል፤ በ10 ናኖሜትር ርቀት ላይ ግን የአንድ ከባቢ አየር ግፊት ሃያኛ ብቻ ይሆናል። እጅግ ለስላሳ የሚመስለን ሴራሚክ እንኳ በዚህ ልኬት ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት ደረቅ ገጾችን ስናነካካ የሚገናኙት የተራሮቹ ጫፎች ብቻ ናቸው።

የማጣበቂያ ትርጉም እዚህ ላይ ይገለጣል። ማጣበቂያ በመጀመሪያ ፈሳሽ ሆኖ ሸለቆዎቹን ይሞላል፤ ቀጥሎም ባለበት ይጠነክራል። እንግዲህ ሁለት ግዴታዎች አሉበት ማለት ነው። አንደኛው ገጹን ማርጠብ ነው፤ ይህም ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1805 ባቀረበው ጽሑፍ የፈሳሽ ጠብታ ከጠጣር ገጽ ጋር በሚሠራው ማዕዘን የገለጸው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከረጠበ በኋላ መጠንከር ነው። በአቧራ፣ በሳሙና ቅሪት ወይም በቅባት ላይ የተቀባ ማጣበቂያ የሚጣበቀው ከአቧራው፣ ከሳሙናውና ከቅባቱ ጋር ነው። የቱቦው ዋጋ የቱንም ያህል ቢወደድ ይህን አይለውጠውም።

ምን ያህል ጥንካሬ ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ሻወር ትሪው እንመለስና ቀላል ስሌት እናድርግ። ትሪው 80 ሴንቲሜትር በ80 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.64 ስኩዌር ሜትር ነው። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱ ወደ 784 ኒውተን ይጠጋል። ይህን በሚያህል ጉልበት ትሪውን ወደ ላይ ለመንቀል ብንሞክር እንኳ፣ ማጣበቂያው በሙሉ ስፋቱ ላይ መቋቋም የሚኖርበት 1.2 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የተለመደ ሲልከን ከመበጠሱ በፊት እስከ 1 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሸከማል፤ ይህም ከሚያስፈልገው ከ800 እጥፍ በላይ ነው።

በእርግጥ የሻወር ትሪን ወደ ላይ የሚነቅል ማንም የለም። የመሬት ስበት ቀንና ሌሊት ወደ ታች ይጫነዋል፤ የሚታጠበውም ሰው በክብደቱ ያግዘዋል። እንግዲህ በመደብር ውስጥ «አይላቀቅም» እየተባለ የሚወደሰው ባሕርይ ለዚህ ሥራ እምብዛም የማይፈለግ ሆኖ እናገኘዋለን። ትሪዎች የሚበላሹት በጥንካሬ ማነስ ካልሆነ፣ በምን ይሆን?

እውነተኛው ባላጋራ እንቅስቃሴ ነው

መልሱ በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ነው። ማለዳ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ ትሪ ሙቅ ውሃ ሲወርድበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዛሬው ገበያ የተለመደው የአክሪሊክ ፕላስቲክ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ ወደ 70 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። 80 ሴንቲሜትር የሚረዝም የአክሪሊክ ትሪ በ25 ዲግሪ ልዩነት 1.4 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ልዩነቱ በሁለቱ ጠርዞች እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ ጠርዝ 0.7 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። ሲሞቅ መገጣጠሚያውን ይጫነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ይህ በየቀኑ፣ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነም በቀን ብዙ ጊዜ፣ ይደጋገማል።

በትሪውና በግድግዳው መካከል ያለው 5 ሚሊሜትር ክፍተት በሲሚንቶ ተሞልቷል እንበል። ሲሚንቶ ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲስቡት ግን ከርዝመቱ አንድ አሥር ሺህኛ ያህል ገና ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል። 5 ሚሊሜትር ሲሚንቶ ሳይሰነጠቅ የሚለጠጠው 0.0005 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚጠየቀው 0.7 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ፍላጎቱ ከአቅሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሲሚንቶው ደካማ ስለሆነ አልተሰነጠቀም፤ እሺ ብሎ መለጠጥ ስለማይችል ነው የተሰነጠቀው።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሃያ ዓመት በሙያው የቆዩ የሳኒተሪ ሠራተኛ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሲሚንቶ ብቻ ስተክል ኖሬአለሁ፤ አንድም አላፈሰሰብኝም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ቀደም ሲል ይተክሏቸው የነበሩት አብዛኞቹ ትሪዎች ከሴራሚክ ወይም በኢናሜል ከተለበጠ ብረት የተሠሩ ነበሩ። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ 12 ሚሊዮንኛ፣ ኮንክሪት ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮንኛ ይለጠጣሉ። ሁለቱ እንደ መንታ አብረው ስለሚንቀሳቀሱም ነው በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ሊኖር የቻለው። የብረቱ ትሪ በዚያው የ25 ዲግሪ ልዩነት የሚረዝመው 0.24 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑም ሲረግጡት አይረገፍግም። የባለሙያው ዕውቀት ለዚያ ቁስ ትክክል ነበረ። ቁሱ ሲለወጥ ግን ልማዱ ባለበት ቀረ። ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ለማለት የሚደፍር ካለ፣ የቁስ ለውጡን ማን አስረድቷቸው እንደነበር በቅድሚያ ይመልስ።

ከዚህም ሌላ፣ የመላላት ጥቅም ለአገራችን ግንበኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጭቃ ቤት ሲለሰን ጭቃው ብቻውን አይመረግም፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶና ተረግጦ ነው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ የሚፈጠረውን መኮማተር በየቦታው አከፋፍሎ፣ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ሊሆን የነበረውን ጉዳት የማይጎዱ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ያደርገዋል። እንቅስቃሴን በግትርነት ከመቋቋም ይልቅ ማስተናገድ እንደሚሻል ጭቃ ለሳኙ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።

ፀጉር የምታህል ስንጥቅ

«ስንጥቋ እንዲህ ቀጭን ከሆነች ምን ያህል ውሃ ታሳልፋለች?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የቀጭን ክፍተት አደጋው ግን በቀጭንነቱ ላይ ነው። ውሃ በሚያረጥባቸው ሁለት ገጾች መካከል በገጽ ውጥረቱ ምክንያት ራሱን እየሳበ ይገባል። ክፍተቱ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በ40 ዲግሪ ያለ ውሃ ስበትን አሸንፎ ወደ ላይ እንኳ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል። ወደ ጎንና ወደ ታች ለመሄድማ የሚያግደው የለም። ሳሙና ሲጨመርበት ደግሞ፣ በተለምዶ ፕላስቲክን ሸሽቶ በጠብታ የሚንከባለለው ውሃ ፕላስቲኩንም ማርጠብ ይጀምራል። ስለሆነም በስንጥቅ የገባ ውሃ የት እንደገባና የት እንደሚወጣ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያውቁት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ናቸው።

ሁለት ሥራ፣ ሁለት ቁስ

እስካሁን ከተባለው አንድ መደምደሚያ ይወጣል። ትሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይፈልጋል፤ ከሥሩ የማይነቃነቅ መደብ፣ በጠርዙ ደግሞ የሚለጠጥ ማሸጊያ። አንድ ቁስ ሁለቱንም እንዲሠራ ማስገደድ አንዱን ማጉደል ነው።

በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን በሠራሁበት ቤተ ሙከራ አየር የወጣላቸውን የብረት ክፍሎች በየጊዜው እንፈታና እንገጥም ነበር። በእነዚያ ክፍሎች ጫናውን የሚሸከሙት ብረቱና ብሎኑ ናቸው። አየር እንዳይገባ የሚከለክለው ግን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለች ስስ የጎማ ቀለበት ናት። ጎማዋ ምንም አትሸከምም፤ ሥራዋ ክፍተቱን ተከትላ መለጠጥና መጨማደድ ብቻ ነው።

የዚህች ቀለበት ሥራ ቀላል እንዳልሆነ ዓለም የተረዳው በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተሰባብራ 7 ሰዎች ሞቱ። መንሥኤው በጠንካራ ነዳጅ ሮኬቷ መገጣጠሚያ ላይ የነበረችው የጎማ ቀለበት በማለዳው ብርድ ተለጣጭነቷን ማጣቷ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በአጣሪው ኮሚሽን ስብሰባ ላይ የጎማውን ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ነከረ፤ ሲፈታውም ጎማው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ መዘግየቱን ለሁሉም አሳየ። ጎማው አልተበጠሰም፤ ጥንካሬም አልጎደለውም። የጎደለው እንቅስቃሴን መከተል ነበር። በመታጠቢያ ክፍላችን የሚጠፋ ነፍስ ባይኖርም ሕጉ ያው ነው።

ለመደቡ ምን ይመረጥ?

ከትሪው ሥር የሚሆነው ቁስ በሙሉ ስፋቱ ሊደግፈውና በጊዜ ብዛት ሊረግብ የማይችል መሆን አለበት። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌው ወዳጃችን ነው፤ አምስት እጅ አሸዋና አንድ እጅ ሲሚንቶ። የትሪው አምራች የራሱን ድብልቅ ወይም የራሱን እግሮች ካዘዘ ግን የአምራቹ ትእዛዝ ይቀድማል። የሰውየው ክብደት በሙሉ በ20 ስኩዌር ሴንቲሜትር ተረከዝ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ወደ 0.4 ሜጋፓስካል ነው፤ ደካማ የሚባለው ድብልቅ እንኳ ሲጠነክር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሸከማል። ሲሚንቶ በውሃ ውስጥም የሚጠነክር ስለሆነ እርጥበት አያስፈራውም። ለስላሳውን አክሪሊክ በደንብ ባይዘውም ግድ የለም፤ የተጠራው ለመደገፍ እንጂ ለመያዝ አይደለም።

ድብልቁ በአምስት ቦታ ብቻ እንደ ጉብታ ተደርጎ ትሪው ቢቀመጥበት ግን በጉብታዎቹ መካከል ባዶ ይቀራል። ያልተደገፈው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የትሪው መርገፍገፍ፣ እንደ ቅርጹ፣ ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ ያድጋል። የሚረገፍገው ትሪ የጠርዙን ማሸጊያ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ይልጠዋል። ማንኛውም ማጣበቂያ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚሸነፈው ሲላጥ ነው፤ ቀጥ ብለን ስንስበው አልነቃ ያለ ፕላስተር ከጫፉ ስንገሽረው እንዴት በቀላሉ እንደሚመጣ ማስታወስ ይበቃል።

በምትኩ የሚቀርቡትን ሌሎች ቁሶች በአጭሩ ልመዝናቸው። ጄሶ ቶሎ ስለሚደርቅ ይወደዳል፤ ሆኖም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ስለሚሟሟ እርጥብ ቦታ ላይ ቀስ በቀስ ይታጠባል። የሚያብጥ ፎም እያበጠ ሲሄድ ትሪውን ከልኩ ሊያነሣው ይችላል፤ በእግር ብዛትም ይረግባል። ለእንጨት የምንጠቀምበት ነጭ ኮላ ውሃ ያለሰልሰዋል። ማስቲሽ በውስጡ ያለው አሟሚ አክሪሊኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትነቱ ለሠራተኛውም ጤና ጠንቅ ነው። ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1942 ያገኙት፣ ዛሬ ሱፐር ግሉ የምንለው ቁስ፣ ለተገጣጠሙ ቀጫጭን ስብራቶች ብርቱ ቢሆንም ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ ሰፊ ክፍተት አይሞላም፤ እንቅስቃሴም አይችልም።

ሲልከን ከትሪው ሥር በብዛት መቀባቱስ? ይህ ልማድ እየተስፋፋ ስለሆነ በስሌት ልመልስ። ባለአንድ ቱቦ ሲልከን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። እርጥበቱ አስቀድሞ በጠነከረው ንብርብር አልፎ መስረግ ስላለበት የሚወስደው ጊዜ በጥልቀቱ ስኩዌር ያድጋል። በመጀመሪያው ቀን 2 ሚሊሜትር ከጠነከረ፣ 2 ሴንቲሜትር ለመጠንከር 100 ቀን ይፈልጋል። ከጠርዙ 40 ሴንቲሜትር የሚርቀው የትሪው መሐል እርጥበት የሚያገኘው በጠርዙ በኩል ብቻ ቢሆን 40,000 ቀን፣ ማለትም ወደ 110 ዓመት፣ ይወስድበታል። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ጥቂት እርጥበት ስለሚያቀብል እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ያጥራል፤ ቢሆንም ባለቤቱ በማግስቱ ሻወር ለመግባት ማሰቡ ከስሌቱ ጋር አይታረቅም።

ለጠርዙ ምን ይመረጥ?

ሲልከን ትክክለኛ ቦታው ጠርዙ ነው። እዚህም ላይ የምርጫ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የመለጠጥ ደረጃው ነው። አይሶ 11600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሸጊያዎችን በሚሸከሙት እንቅስቃሴ ይመድባል፤ «25» የሚል ምድብ ያለው ማሸጊያ የመገጣጠሚያውን ስፋት 25 በመቶ ያህል እንቅስቃሴ ይችላል። ከላይ ያሰላነው 0.7 ሚሊሜትር 5 ሚሊሜትር በሆነ መገጣጠሚያ ላይ 14 በመቶ ነው፤ ያለ ሥጋት ይቻላል። መገጣጠሚያው 2 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን 35 በመቶ ይደርሳል፤ ከምድቡ ያልፋል። እንግዲህ ትሪውን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ማስጠጋት የጥራት ምልክት ቢመስልም፣ ማሸጊያውን የሚሠራበት ቦታ መንፈግ ነው።

ሁለተኛው የኬሚስትሪው ጠባይ ነው። ሲጠነክር አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲልከን አሴቲክ አሲድ የሚለቅ ዓይነት ነው። ለመስታወትና ለሴራሚክ ይስማማል፤ እብነ በረድን፣ መዳብን፣ የዚንክ ልባጥ ያለውን ቆርቆሮና ሲሚንቶን ግን አሲዱ ይነካቸዋል። በእነዚህ ላይ የማይሸተው፣ ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት ይመረጣል። ሦስተኛው ለመታጠቢያ ክፍል ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሻጋታ የሚከላከል ንጥረ ነገር ያለበት መሆኑ ነው።

አቀባቡም የምርጫውን ያህል ይመዝናል። ሲልከን ቅርጹን እንጂ ይዘቱን መለወጥ የማይችል ጎማ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ጎን ብቻ መያዝ አለበት። ከሥርም ከተያዘ ቀጥኖ የሚለጠጥበት አጥቶ ይቀደዳል። አሮጌ ሲልከን ካለ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ መነሣት አለበት፤ የጠነከረ ሲልከን የገጽ ኢነርጂው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀለምም፣ ሌላ ማጣበቂያም፣ አዲስ ሲልከንም እንደሚገባ አይዝበትም። ገጹ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። በቱቦው ላይ የሚጻፈው የመጠንከሪያ ጊዜ ባብዛኛው ለ23 ዲግሪና ለ50 በመቶ እርጥበት የተሰላ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅና ብርዳም ሌሊታችን ይህን ስለማያሟላ በትዕግሥት ተጨማሪ ቀን መስጠት ይገባል።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው» ለሚለኝ ሰው ደግሞ የመጨረሻ ስሌቴን ላቅርብ። በሦስት ጎን 80 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 6 ሚሊሜትር ስፋትና 6 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው መገጣጠሚያ የሚፈጀው ሲልከን 86 ሚሊሊትር ገደማ ነው። አንድ 280 ሚሊሊትር ቱቦ ሦስት ትሪ ያሽጋል። ሦስትና አራት ርካሽ ቱቦ ከትሪው ሥር ከማፍሰስ፣ አንድ ጥሩ ቱቦ በቦታው መጠቀም ይረክሳል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

እዚህ ላይ አስተያየቴን ላጠቃልል። ከውጭ የሚገቡ ማጣበቂያዎች መለያ ገዥው በማያነብበው ቋንቋ እስከተጻፈ ድረስ፣ ከመደርደሪያው ላይ የሚመረጠው የቱቦው ቀለምና የሻጩ አንደበት ነው። ቢያንስ አራት ነገሮች በአገር ቋንቋ ሊጻፉ ይገባል፤ ለየትኞቹ ገጾች እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚችል፣ አሲድ የሚለቅ መሆን አለመሆኑና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው። ይህን ማስገደድ ደረጃ ለማውጣትና ገበያን ለመቆጣጠር ኃላፊነት ያለባቸው አካላት ተግባር ነው።

እኛም በዩኒቨርሲቲ ያለን መምህራን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በመግቢያ የፊዚክስ ትምህርታችን ሰበቃ የሌለበትን ተዳፋት ለሳምንታት እናስተምራለን፤ ሁለት ነገሮች ለምን እንደሚጣበቁ ግን እምብዛም አናነሣም። ተማሪው የገጽ ውጥረትን በቀመር ያሰላል፤ በራሱ ቤት ግድግዳ ሥር የሚሰርገውን ውሃ ግን ከዚያ ቀመር ጋር አያገናኘውም። የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት መምህራንና እኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብንቀመጥ፣ እነርሱ የትኛው መገጣጠሚያ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ያሳዩናል፤ እኛም ለምን እንደሆነ በቁጥር እንነግራቸዋለን። አንዲት የአክሪሊክ ቁራጭ፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ የሚሊሜትር መለኪያ ለአንድ ሙሉ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ።

ገዥውም በበኩሉ ወደ መደብር ሲሄድ ጥያቄውን ይለውጥ። ትሪው ከምን የተሠራ ነው? መገጣጠሚያው ምን ያህል ይንቀሳቀሳል? ማጣበቂያው በምን ይጠነክራል? እነዚህን ሦስቱን የሚመልስ ሻጭ ካገኘ ይግዛ። «ይኼ ብረት ነው» ከተባለ ግን፣ ለጠርዙ የሚፈልገው ጎማ መሆኑን ነግሮት ወደ ቀጣዩ መደብር ይለፍ።